ለሞግዚት በር ስናወጣላት

ጥቅምት 3

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ባለህበት ጤናና ሰላም አይለዩህ። እኔ ጉልበቴን ብርድ ከሚነካካኝ በቀር ደህና ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰላምታ በሰው አፍ ስንላላክ ኖረን ዛሬ ብድግ ብዬ ስጽፍልህ "ምን ፈልጋ ነው?" ማለትህ አይቀርም። ፈልጌ ነው።

አባዬ ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። ሞግዚትን ከሱ ተረክቤ የምይዛት እኔ ነኝ። መቼም አትረሳትም፤ አባዬ ከባዶ ተነስቶ የጻፋት፣ ከውሃ ክፍላችን ኮምፒውተር ውጪ በዓለም ላይ የትም የማትገኝ ኦፐሬቲንግ ሲስተም። ስድስቱን ፓምፖች በየሁለት ሰከንዱ እያየች አርባ ሺህ ሰው ታጠጣለች። አንድ ቀን ታማ አታውቅም።

አሁን ዋናው መሥሪያ ቤት ትእዛዝ አወጣ። ከሰኔ 1 ጀምሮ ማንኛውም የፓምፕ ኮምፒውተር እነሱ ቢሯቸው ተቀምጠው በተመሰጠረ መስመር የሚገቡበት መሆን አለበት። የርቀት መግቢያ የሌለው ይነሳል። ሞግዚት ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር አታውቅም፤ አባዬ ሲሠራት "የሚፈልጋት እግሩን ያንሳና ይምጣ" ብሎ ነው። ባለሙያ ተብዬዎቹ መጥተው አዩዋትና እየሳቁ አብረዋት ፎቶ ተነሱ። ካነሷት የአባዬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልፋት ከአሮጌ ወንበር ጋር መጋዘን ይጣላል። ይህን ቆሜ ማየት አልችልም። በሕይወት ካለ ሰው ውስጧን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ፤ አራት ዓመት ከአባዬ ጎን ተቀምጠህ ሠርተሃል።

አሁን ደግሞ የሆዴን ልናገር። አንተ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀርህ፣ አባዬ የሞግዚትን ሙሉ ኮድ የገለበጠባቸው አሥራ ሁለት ዲስኮች ከቁም ሳጥኑ ጠፉ። አባዬ ታናሽ ወንድሜን ቀጮን "ሸጥክብኝ" አለው። ቀጮ "አልነካሁም" ብሎ አንድ ጊዜ መለሰ፤ ሁለተኛ ሳይመልስ ልብሱን ይዞ ከቤት ወጣ። አባዬ እስኪሞት አልተነጋገሩም። ያን ቁም ሳጥን የሚከፍቱት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አባዬ፣ ቀጮና አንተ። መወንጀሌ አይደለም፣ መጠየቄ ነው። ወስደሃቸዋል?

መልስህን በፖስታ ላክልኝ። አባዬ ስለ ሞግዚት የሚባል ሁሉ በወረቀት ተጽፎ ፋይል ይሁን ይል ነበር። እኔም ፋይል አደርገዋለሁ።

የአጎትህ ልጅ


ኅዳር 2

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፣

ክፉ አይንካሽ፤ ጉልበትሽንም ይማርልሽ። እኔ ሥራና ቤት፣ ቤትና ሥራ እያልኩ አለሁ። ፖስታው ላይ ያለው ጽሕፈት ቁርጥ የአጎቴን ሲመስለኝ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ጎረቤቴ የሞት ወሬ የመጣብኝ መስሏት ውሃ አመጣችልኝ።

መጀመሪያ ለጥያቄሽ። አልወሰድኩም። ከዋሸሁ የአጎቴ አጽም ይፋረደኝ። እኔ ዘንድ ያለው አጎቴ በሁለተኛው ዓመቴ "አጥና" ብሎ የሰጠኝ ያ ወፍራም ህትመት ብቻ ነው። መንታው እዚያው ቢሮ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ሄደሽ ማየት ትችያለሽ። ከሱ ላይ እየተየብኩ ሞግዚትን እዚህ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስነሳታለሁ፤ በሩንም መጀመሪያ እሷ ላይ እሞክረዋለሁ።

ነገሩ የሚያስፈራ አይደለም። ሞግዚት ከሆዷ የማይወጣ አንድ ምስጢር ቁጥር ይኖራታል። ከዚያ ቁጥር ደግሞ ለማንም የሚታይ አሻራ ይወጣል። ከሩቅ የሚገባው ሰው መጀመሪያ አሻራዋን አይቶ "እውነትም ራሷ ናት" ይላል፤ እሷም በተራዋ የሱን ቁልፍ ከዝርዝሯ ላይ ትፈልጋለች። ከዚያ በኋላ የሚነጋገሩት ሁሉ የተመሰጠረ ነው። መንገድ ላይ ልጥለፍ የሚል ካለ ውሃ መውቀጥ ይሆንበታል።

ለድካሜ ምንም አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፣ የአጎቴን ማስታወሻ ደብተሮች ፎቶ ኮፒ አድርገሽ ላኪልኝ። ሁሉንም ብትልኪ ደስ ይለኛል። ቀጮስ እንዴት ነው? ትገናኛላችሁ?

ወንድም ጋሼሽ


ኅዳር 27

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጎረቤትህንም ስለ ውሃው አመስግንልኝ።

መማልህን ተቀብያለሁ። ህትመቱም መደርደሪያው ላይ መኖሩን አይቻለሁ፤ ሂጂና እዪ ስላልከኝ አየሁ። ከሰባቱ ደብተሮች ስድስቱን ገልብጬ ልኬልሃለሁ። ሰባተኛው እኔ ጋ ይቆይ። ለምን ብትለኝ ምክንያት የለኝም፤ ልቤ አልፈቀደም።

ሥራ አስኪያጃችን ነገሩን ስነግረው "ውጭ ያለው ሰውዬ ምን ያገኛል?" አለኝ። "እኔም ይህንኑ ነው የምጠይቀው" አልኩት። አትቀየመኝ፤ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። አንተ የምታበጀው በር አርባ ሺህ ሰው ወደሚጠጣው ውሃ የሚያስገባ ነው። ስለዚህ ውሌ ይህ ነው፤ ኮዱን በፍላሽም በወረቀትም ትልካለህ። አንዱን ከሌላው ጋር መስመር በመስመር አስተያይቼ ሳልጨርስ አንዲት ፊደል ሞግዚት ውስጥ አትገባም።

ቀጮ ጎማ ይጠግናል። ቀጮነቱ አሁን በስም ብቻ ቀርቷል። አልፎ አልፎ እንገናኛለን፤ ስለ አባዬ አናነሳም።

የአጎትህ ልጅ


ጥር 18

ይድረስ ለእህቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ? መልሴ የዘገየው ተቀይሜ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ተቀይሜም ነው። ግን ዋናው ምክንያት ሞግዚት ናት።

እንደምታውቂው ሞግዚት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምታስበው። ምስጠራው ደግሞ ከባድ ሂሳብ ነው፤ ለሷ አርባ ሰከንድ ይፈጅባታል። አርባ ሰከንድ ሂሳብ ላይ ካቀረቀረች ፓምፖቹን ማን ያይላታል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይሆን ፈራሁ። ሁለት ወር የበላኝ ይህ ነው። በመጨረሻ ሂሳቡን ቆራርጬ፣ ጥቂት አስባ ቀና ብላ ፓምፖቹን እንድታይ፣ ተመልሳ እንድትቀጥል አደረግኋት። አሁን አንድ ሰው ለመግባት ሦስት ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ይጠብቅ! ደጅ ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ የሞተ የለም።

ፍላሹና ሁለት መቶ አሥር ገጽ ወረቀት አብረው አሉልሽ። አስተያይተሽ ስትጨርሺ ጫኚውና "አሻራ አውጪ" በያት። የራሷን ምስጢር ቁጥር እዚያው ፈጥራ አሻራዋን ትጽፍልሻለች። መልኩን እንድታውቂው የእኔ መሞከሪያ ያወጣችው ይህ ነው፦ 41-07-88-20-63-19። ያንቺ በቁጥር ሌላ ይሆናል፤ ሁለት ማሽን አንድ አሻራ ሊኖራቸው አይችልም።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ቁልፌን ታጥፎ በተቀመጠው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ። ዝርዝሯ ውስጥ አስገቢልኝ፤ ከዚህ ሆኜ ገብቼ እንድሞክረው። ሰባተኛውን ደብተርም እባክሽ ላኪው።

ወንድም ጋሼሽ


የካቲት 22

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣

ሁለት መቶ አሥሩን ገጽ በአራት ሳምንት ጨረስኩ። የማሽኑ ክፍል አምፖል ዓይኔን አጥፍቶት በቀኝ ዓይኔ አነባለሁ፣ በግራው አለቅሳለሁ። ወረቀትህና ፍላሽህ አንድ ናቸው። ጫንኩት። "አሻራ አውጪ" አልኳት። ለአምስት ደቂቃ አሰበችና ጻፈች።

41-07-88-20-63-19።

ደብዳቤህን አምጥቼ አጠገቡ ያዝኩት። ሥራ አስኪያጁን ጠርቼ ጮክ ብሎ እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ አንድም ቁጥር አልተለየም። ከውጭ የሚያገናኛትን ኬብል ነቀልኩት። "ሁለት ማሽን አንድ አሻራ ሊኖራቸው አይችልም" ያልከኝ አንተው ነህ፤ ገጹ እፊቴ ነው።

እንግዲህ አንተ ቤት ተቀምጦ የሞግዚትን ምስጢር ቁጥር የያዘ ሰው፣ ነገ "ሞግዚት ነኝ" ቢል ዋናው ቢሮ ያምነዋል። "ፓምፑ ደህና ነው" እያለ ከተማውን በጥም ሊጨርስ ይችላል። እዚህ ተወለደ ያልከውን ቁጥር እዚያ ወልደህ ነው የላክልኝ? የት ደበቅከው? ፈልጌ አላገኘሁትም። አለማግኘቴ ስለሌለ ነው ወይስ በዕውቀት ስለምትበልጠኝ?

በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ አሉ። በሬዋ እኔ ነኝ። ቁልፍህን አላስገባሁም፤ አላስገባምም። ቶሎ መልስ ስጠኝ። ሰኔ 1 እየመጣ ነው።

የመሀንዲሱ ልጅ


መጋቢት 8

እህቴ፣

ሰላምታውን ላሳጥረው፤ በፈጣን ፖስታ ነው የምልከው። ደብዳቤሽን አነበብኩ። ከዚያ ማሽኗን አጥፍቼ አስነሳሁና ድጋሚ አሻራ አስወጣኋት። ያው 41-07 መጣ። ድጋሚ አስነሳሁ። ያው! በሳቅ ፈነዳሁ ብልሽ ታምኚኛለሽ? የእኔ ጥፋት አንድ ጊዜ ብቻ አስወጥቼ "ደህና ነው" ማለቴ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምስጢር ቁጥር የሚፈጠረው እንደ ዕጣ ነው፤ ማንም ሊገምተው በማይችል አጋጣሚ መውጣት አለበት። ሞግዚት ግን አጋጣሚ የሚባል ነገር አታውቅም። አጎቴ ሁልጊዜ "ዛሬ የሠራችውን ነገም እንደዚያው ካልሠራች እምነት የላትም" አይል ነበር? በተነሳች ቁጥር ዕጣዋን መቁጠር የምትጀምረው ከአንድ ቦታ ነው። ኮዱን ከፍቼ አየሁት፤ "ከ2614 ጀምሪ" ብሎ በራሱ እጅ ጽፎታል። የኔዋም ያንቺዋም ከ2614 ጀመሩ፤ በአንድ መንገድ ሄደው አንድ ቁጥር ላይ ደረሱ። የደበቅኩት ነገር የለም። ለፓምፕ ደግ የሆነው ጸባይዋ ለምስጢር ክፉ ሆኖ ነው።

መፍትሔው እጅሽ ላይ ነው። ዋናው ቧንቧ ላይ ያለውን የውሃ ቆጣሪ አስቢው፤ የመጨረሻዋ አሃዝ አንድ ቦታ ረግታ ታውቃለች? ሞግዚት እሷን ሺህ ጊዜ አንብባ ከዚያ ትጀምር። ውሃ ምን እንደሚያስብ ማንም አይገምትም። አርባ መስመር ብቻ ነው፤ ፍላሽ እንደማታምኚ አውቃለሁና በእጄ ጽፌ ልኬዋለሁ። ራስሽ ተይቢው።

አየሽ? ሌባ አይደለሁም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ወንድም ጋሼሽ


መጋቢት 29

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣

አርባውን መስመር ተየብኩ። ሞግዚትን አሥር ጊዜ አጥፍቼ አስነሳኋት፤ አሥር ጊዜ የተለያየ አሻራ አወጣች። የመጨረሻውን አቆየሁት። ቁጥሩን አልጽፍልህም። ኮዱ ትክክል ነው፤ ጎበዝ ነህ። ስላልሆነ ነገር ስለወነጀልኩህም ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

አሁን ሌላ ነገር ልጠይቅህ።

2614 የሚለውን አባዬ ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም። ስለዚህ መደርደሪያው ላይ ያለውን ህትመት፣ የአንተን መንታ፣ አውርጄ አየሁ። እሱ ላይ ሞግዚት መቁጠር የምትጀምረው ከሰዓቷ ነው፤ 2614 የሚል የለም። ዓይኔ ስቶ እንዳይሆን ሁለት ጊዜ አገላብጬዋለሁ።

ከዚያ ያልላክሁልህን ሰባተኛውን ደብተር ከፈትኩ። አባዬ እንዲህ ይላል፦ "ሰኔ 9። የሰዓቷ ባትሪ ሞተ፤ ሌላ አልተገኘም። ሰዓቱን ትቼ ከ2614 እንድትጀምር አደረግሁ። ማታውኑ ሁሉንም በአሥራ ሁለት ዲስክ ገለበጥኩ።" ዲስኮቹ የጠፉት ሰኔ 12 ነው። አንተ የሄድከው ሰኔ 14።

ያ ቁጥር በዚህ ምድር ላይ ሦስት ቦታ ብቻ ነው ያለው። እኔ በተቀመጥኩበት ማሽን ላይ፣ ለማንም ባላሳየሁት ደብተር ውስጥ፣ ከቁም ሳጥኑ በወጡት ዲስኮች ላይ። ከህትመት ላይ እየተየበ የሚሠራ ሰው 41-07 ሊያወጣ አይችልም።

ከየት አገኘኸው? የኮምፒውተር ነገር አታስረዳኝ። ገብቶኛል።

የቀጮ እህት


ግንቦት 6

ይድረስ ለእህቴ፣

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት አልነግርሽም።

ወስጃቸዋለሁ።

ከህትመቱ ሲሶውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ግን ያለው የአጎቴ ስም ብቻ ነው። ልሄድ ስል የእኔም ስም ከታች እንዲጻፍ ለመንኩት። "ስም የሚጻፈው አብሯት ለሚቀር ነው" አለኝ። አንጀቴ አረረ። ዲስኮቹን ገልብጬ በነጋታው ልመልሳቸው ነበር፤ መገልበጫ ሳላገኝ የመሄጃዬ ቀን ደረሰ፤ ሻንጣዬ ውስጥ ቀሩ። የመጀመሪያ ሥራዬን እዚህ ያገኘሁት እነሱን አሳይቼ ነው። መሞከሪያዬንም ያስነሳኋት ከነሱ ነው። ከዚያ በኋላ ህትመቱ ላይ ያለውና ዲስኩ ላይ ያለው ጭንቅላቴ ውስጥ ተቀላቀሉ፤ ለዚህ ነው 2614ን ስጽፍልሽ እንኳ ያልታወቀኝ።

ቀጮ ተወነጀለ ሲሉኝ "አባትና ልጅ ናቸው፣ ወር ሳይሞላ ይታረቃሉ" አልኩ። ዓመት ሲሆን "አሁንማ ብናገር ማን ይሰማኛል" አልኩ። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ። አጎቴ ሲሞት ቀለለኝ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል ግን እውነቱ ይኸው ነው፤ አለቀስኩም፣ ቀለለኝም። ያንቺ ደብዳቤ ሲመጣ በሩን ሠርቼላት ዕዳዬን የምከፍል መሰለኝ። በአጽሙ የማልኩትም ሥራውን እንዳትከለክዪኝ ብዬ ነው።

ዲስኮቹን ልኬልሻለሁ፤ አሥራ ሁለቱም አሉ። ቁልፌንም ተዪው፤ አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ ይህን ደብዳቤ ለቀጮ አንብቢለት። ምን እንዳለም ጻፊልኝ።

የአጎትሽ ልጅ


ሰኔ 3

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ፣

ደህና ሁን አልልህም፣ ክፉም አልመኝልህም። ዕቃው ደርሶኛል።

ትናንት ከዋናው ቢሮ ገቡ። የሚገባው ልጅ ስልክ ላይ ሆኖ "ምነው ዘገየች?" ሲለኝ "ጠብቅ፣ ውሃ እያየች ነው" አልኩት። ሦስት ደቂቃ ቆየና ገባ። አሻራዋን ቁጥር በቁጥር በስልክ አነበብኩለት፤ አንድ ሆነ። ሞግዚት ከቦታዋ አትነሳም። የህትመቱ የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ ከአባዬ ስም ሥር፣ ያንተን ስም በእስክሪብቶ ጽፌዋለሁ። የሠራኸውን ሠርተሃል፤ በዚህ አባዬ አጥፍቷል።

ከዚያ ደብዳቤህን ይዤ ቀጮ ጋ ሄድኩ። መኪና አንስቶ ጎማ እየፈታ ነበር። "ላንብብልህ" ስለው "ማንበብ አያቅተኝም" አለኝ። እጁን በጋዝ ታጠበ፣ ከዚያ በሳሙና፣ በጨርቅ አደረቀ። ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ፖስታውን አገላብጦ ከላይ የተጻፈውን ስም አየ።

"ይህ ላንቺ የተጻፈ ነው" አለኝ።

"ለአንተ እንዳነብልህ ነው'ኮ የላከው" አልኩት።

"ወስጃቸዋለሁ ሲልሽ፣ በአጽሙ በሐሰት ማልኩልሽ ሲልሽ ነው ያነበብኩት። እኔን ምን አለኝ? አንብቢለት ነው ያለሽ። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሱቄን ቀይሬ አላውቅም፤ የሚፈልገኝ ሁሉ ያገኘኛል።"

ወረቀቱን መለሰልኝና ወደ ጎማው ዞረ። አንተን ሰባት ወር ስጠረጥር ከረምኩ፤ እንደ ጎበዝ ቆጠርኩት ራሴን። ቀጮ ሌባ ነው መባሉን ግን አባዬ በወነጀለው ቀን ነው ያመንኩት፤ አንድ ደብተር እንኳ ሳልገልጥ። ሰኔ 9 የሚለው ገጽ ያኔም እዚያው ነበር። ማንም አልጠየቀም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ይህን እዚያው ለቀጮ ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ግን "ብሎኑን አቀብዪኝ" አለኝ፣ አቀበልኩት። እስኪመሽ ብሎን ሳቀብለው ዋልኩ።

ከዚህ በኋላ ለኔ አትጻፍልኝ። አድራሻው ይህ ነው፦ ቀጮ ጎማ ጥገና፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሦስተኛው በር።